የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ዓለም አቀፍ ስብስቡን እንዴት ያደራጃል? እንዴትስ ለእይታ ያቀርባል? ለጎንደር አንባቢዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው በጎንደር ላሉ የሥዕል ተማሪዎች፣ ሠዓሊዎችና አስጎብኚዎች፣ እንዲሁም በከተማዋ አነስተኛ የጥበብ ማሳያ ለመክፈት ለሚያስቡ ሰዎች ነው። የሀገራችን አዋጆች ከተጠቀሱበት ቦታ በስተቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስብስብ መገንባት የሚጀመረው ከገንዘብ ነው?

አይደለም፤ ከተጻፈ መመሪያ ነው። ኒውዮርክ ያለው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም (ሞማ) በ1929 ሲመሠረት ስብስቡ የተጀመረው በስጦታ በተገኙ ስምንት የኅትመት ሥራዎችና በአንድ ንድፍ ነው። ዛሬ ወደ 200,000 የሚጠጉ ሥራዎች አሉት። በርግጥ ከኋላው ባለጸጎች ነበሩ። ነገር ግን የመጀመሪያው ዳይሬክተር አልፍሬድ ባር ሙዚየሙ ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ ብቻ ሳይሆን ፎቶግራፍ፣ ፊልም፣ የሕንፃ ንድፍና የመገልገያ ዕቃ ጭምር እንዲሰበስብ አስቀድሞ ባይወስን ኖሮ ያ ሁሉ ገንዘብ ስብስቡን ዛሬ የምናውቀውን መልክ አያስይዘውም ነበር።

መመሪያው ስብስቡ ከየትኛው ዘመን እስከ የትኛው እንደሚደርስ፣ ከየትኞቹ የዓለም ክፍሎች እንደሚሰበስብ፣ በምን ዓይነት ሥራ ላይ እንደሚያተኩር ይናገራል። ከሁሉም በላይ ግን ምን እንደማይቀበል በግልጽ ማስፈር አለበት። የማይቀበለውን ያልጻፈ ሙዚየም ሰው ያመጣለትን ሁሉ እምቢ ለማለት ስለሚያፍር ብዙ ሳይቆይ መጋዘኑ የሌላ ቤት ትርፍ ዕቃ ማከማቻ ይሆናል።

ሥራዎቹ በምን መንገድ ይገባሉ?

በግዥ፣ በስጦታ፣ በኑዛዜ፣ በልውውጥ፣ ወይም ሠዓሊው በትእዛዝ እንዲሠራ በማድረግ ነው። ብዙ ሰው ግዥ ከሁሉ የሚበልጥ ይመስለዋል፤ በአብዛኞቹ ሙዚየሞች ግን ስጦታና ኑዛዜ ከፍተኛውን ድርሻ ይይዛሉ።

የሞማን ሁለት ዝነኛ ሥዕሎች እንይ። ከሙዚየሙ መሥራቾች አንዷ የነበሩት ሊሊ ብሊስ በ1931 ሲያርፉ ስብስባቸውን ለሙዚየሙ ተናዘዙ። ኑዛዜው አብዛኞቹን ሥራዎች ሸጦ ወይም ለውጦ ሌላ መግዛት ይፈቅድ ነበር። በዚህ ፈቃድ ከውርሱ አንድ የኤድጋር ደጋ ሥዕል ወጥቶ የፒካሶ “የአቪኞ ወጣት ሴቶች” በ1939 ገባ፤ የቫን ጎ “ከዋክብታማው ሌሊት” ደግሞ በ1941 በልውውጥ መጣ። ሴትዮዋ ሁለቱንም ሥዕሎች ኖሯቸው አያውቅም፤ ይሁንና የሁለቱም መግለጫ ካርድ እስከ ዛሬ ስማቸውን ይዟል። ለሙዚየም ስጦታ መስጠት የምትፈልጉ ሰዎች ከዚህ አንድ ነገር ያዙ፦ “አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ ሁልጊዜ ተሰቅሎ ይታይ” የሚል ቅድመ ሁኔታ የተጫነበትን ስጦታ ልምድ ያላቸው ሙዚየሞች አይቀበሉም።

ልውውጥ በሀገሮች መካከልም ይደረጋል። በ1977 የተከፈተው የቴህራን ዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በ1994 አንድ የቪለም ደ ኩኒንግ ሥዕል ሰጥቶ በሥዕል ያጌጠ ጥንታዊ የፋርስ መጽሐፍ ገጾችን ወደ ሀገሩ አስመልሷል።

አንድ ሥራ ከታሰበበት ቀን አንሥቶ እስኪመዘገብ በምን በምን ያልፋል?

ኩሬተሩ (ለስብስቡና ለዐውደ ርእዩ ሥራ የሚመርጠው ባለሙያ) ሥራውን በዓይኑ አይቶ ሐሳብ ያቀርባል፦ ሥራው ምን ክፍተት ይሞላል፣ ካሉን ሥራዎች ከየትኛው ጋር ይነጋገራል፣ የት ይሰቀላል፣ የት ይቀመጣል። ቀጥሎ የጥገና ባለሙያው የቀለሙን፣ የሸራውንና የእንጨቱን ሁኔታ መርምሮ ዕድሜ ልኩን ስንት እንደሚያስወጣ ይጽፋል። በሦስተኛ ደረጃ የባለቤትነት ታሪኩ ይጣራል። ከዚያ በኋላ ነው ለግዥ ኮሚቴ የሚቀርበው፤ ዋጋው ትልቅ ከሆነ ደግሞ ለቦርዱ። ኩሬተር ብቻውን አይገዛም፤ ኮሚቴውም ያለ ኩሬተር ሐሳብ አይገዛም።

ሥራው ሲገባ ቁጥር ይሰጠዋል። የፒካሶው ሥዕል ቁጥር 333.1939 ነው፤ በ1939 ከተመዘገቡት 333ኛው ማለት ነው። ቀላልና የማይደገም በመሆኑ ይህ አሠራር ለትንሽ ተቋምም ይበጃል። ቁጥሩ በሸራው ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ አይጻፍም፤ ቀለሙ ሰርጎ በፊት ለፊት ሊወጣ ይችላል። በእርሳስ በእንጨቱ ፍሬም ላይ ይጻፋል፣ ወይም በጥጥ ክር በተንጠለጠለ ካርድ ይታሰራል።

የተለመደው ስሕተት ምዝገባውን “ነገ እናደርገዋለን” ማለት ነው። ያልተመዘገበ ሥራ ቢጠፋ የኛ መሆኑን ማስረዳት አይቻልም።

ዓለም አቀፍ የሚባሉት ስብስቦች ለምን ለረጅም ጊዜ የአውሮፓና የአሜሪካ ብቻ መሰሉ?

ኩሬተሮቹ የሚጓዙት፣ የሚያነቡትና የሚገበያዩት በፓሪስ፣ በኒውዮርክና በለንደን መካከል ስለነበረ ነው። የሌላው ዓለም ጥበብ ካለ ወደ ሥነ ሰብ ሙዚየም ይላክ ነበር። ኢትዮጵያዊው ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን ከዚህ ልማድ ውጭ የሆነ ምሳሌ ነው፤ በ1964 የሠራው አንድ ሥራ በሞማ ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ሆኖም በስብስብ ውስጥ መኖርና ግድግዳ ላይ መታየት ለየቅል ናቸው። መጋዘን ገብቶ ለአሥርት ዓመታት የማይወጣ ሥራ ብዙ ነው።

ለውጡ የመጣው በአሠራር ነው። ለንደን ያለው የቴት ሙዚየም በ2002 ለላቲን አሜሪካ፣ በ2011 ደግሞ ለአፍሪካ ራሳቸውን የቻሉ የግዥ ኮሚቴዎች አቋቋመ። የኮሚቴው አባላት በየዓመቱ ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ኩሬተሮቹ ወደ አካባቢው ተጉዘው ስቱዲዮ ይጎበኛሉ፤ ገንዘቡ ለዚያ አካባቢ ብቻ ይውላል። በ2013 የሱዳኑ ኢብራሂም ኤል ሰላሂ ሥራዎች በቴት ሞደርን (የቴት የዘመናዊ ጥበብ ቤት) ሰፊ ዐውደ ርእይ ሲቀርብላቸው ለአንድ አፍሪካዊ የዘመናዊነት ሠዓሊ በዚያ ቤት የመጀመሪያው ነበር። ከመተማ ማዶ ያለ ጎረቤታችን ነው፤ የአረብኛ ፊደልን ቅርጽ ከአፍሪካ ምስሎች ጋር ያዋሐደበት መንገድ የኛ ሠዓሊዎች በግእዝ ፊደል ከሠሩት ጋር ተቀራርቦ ሊጠና ይገባዋል።

የጂኦግራፊ ኮሚቴ ብቻውን ግን በቂ አይደለም። አንድ ሀገር በአንድ ሥዕል ከተወከለ ተመልካቹ የሚያየው ናሙና ነው። ከአንድ ሠዓሊ ከተለያየ ዘመን ሦስት አራት ሥራ መያዝ ከአሥር ሀገር አንዳንድ ከመሰብሰብ ይሻላል።

የባለቤትነት ታሪክ ማጣራት ለምን ይህን ያህል ይከብዳል?

ጎንደሬ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በ1932 በፈረንሳዊው የሥነ ሰብ ተመራማሪ በማርሴል ግሪዮል የተመራው የዳካር–ጅቡቲ ተልዕኮ ከጎንደሩ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የነበሩትን ሥዕሎች ነቅሎ ወደ ፓሪስ ወሰደ። ሥዕሎቹ በጨርቅ ላይ ተሥለው የተለጠፉ ስለነበሩ መንቀል ተቻለ። በምትካቸው ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለ የዘመኑ ፈረንሳዊ ሠዓሊ የሠራቸው ቅጂዎች ተለጠፉ። ዋናዎቹ ዛሬ ፓሪስ ባለው በኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። ልውውጥ ነበር፤ ምትክ ተሰጥቷል። ግን ጠበቅ ያለ ምርመራ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ፈቃዱን የሰጠው ሰው የመስጠት ሥልጣን ነበረው ወይ? እምቢ ማለትስ ይችል ነበር?

ስለዚህ ባለሙያው ሥራው ከሠዓሊው እጅ ከወጣበት ቀን ጀምሮ የማን ቤት እንደነበረ በሰንሰለት ይዘረዝራል፤ ደረሰኝ፣ ደብዳቤ፣ የድሮ ዐውደ ርእይ መዘርዝር፣ በፍሬሙ ጀርባ የተለጠፈ ወረቀትና ማኅተም ሁሉ ማስረጃ ነው። የአውሮፓ ሥራ ከሆነ ከ1933 እስከ 1945 ያለው ክፍተት በተለይ ይመረመራል፤ በናዚዎች የተዘረፈ ሊሆን ይችላልና። ቅርስ ነክ ሥራ ከሆነ የ1970ው የዩኔስኮ ስምምነት መለኪያ ነው፤ ሙዚየሞች ሥራው ከዚያ ዓመት በፊት ከሀገሩ መውጣቱን ወይም ከዚያ በኋላ በሕጋዊ ፈቃድ መውጣቱን ይጠይቃሉ። በኛ በኩል የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ። አሮጌ ፍሬም ስትቀይሩ የጀርባውን ወረቀት ቀዳችሁ አትጣሉ፤ ብዙ ጊዜ ከሥዕሉ ታሪክ የተረፈው ምስክር እሱ ብቻ ነው።

ቪዲዮ ወይም ግድግዳ ላይ የተሣለ ሥራ ሲገዛ የሚገዛው ምኑ ነው?

የመሥራት ወይም የማሳየት መብትና መመሪያው ነው። የአሜሪካዊውን ሠዓሊ የሶል ሌዊትን የግድግዳ ንድፍ የገዛ ሙዚየም የሚረከበው ሰርተፊኬትና ዝርዝር ንድፍ ነው፤ ሌሎች ሰዎች በመመሪያው መሠረት ግድግዳው ላይ ይሥሉታል፣ ዐውደ ርእዩ ሲያልቅ በቀለም ይሸፈናል፣ ሌላ ቦታ እንደገና ይሣላል። የዳን ፍላቪን የመብራት ሥራዎች ደግሞ ከገበያ በሚገዙ የፍሎረሰንት ቱቦዎች የተሠሩ ናቸው፤ ቱቦው ሲቃጠል መተካት አለበት፣ ፋብሪካዎች ማምረት ሲያቆሙ ሙዚየሞች ይቸገራሉ። የኛው ኤልያስ ስሜ በኤሌክትሪክ ሽቦና በኮምፒውተር ቁርጥራጭ የሚሠራቸው ሥራዎችም ለጥገና ባለሙያ ከባድ ናቸው፤ መዳብ፣ ፕላስቲክና ብየዳ የሚያረጁት በየራሳቸው ፍጥነት ነውና።

ፎቶግራፍና ቪዲዮ በተወሰነ ቅጂ ይሸጣል፤ ለምሳሌ አምስት ቅጂና ሁለት የሠዓሊው ቅጂ። ሙዚየሙ ዋናውን ያልተጨመቀ ፋይል፣ የማሳያ ቅጂውን፣ የተፈረመ ሰርተፊኬትና የአቀራረብ መመሪያ (የስክሪን መጠን፣ የድምፅ ልክ፣ የክፍሉ ጨለማ) ይረከባል። ፋይሉ በሦስት ቅጂ፣ ቢያንስ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከሕንፃው ውጭ ይቀመጣል፤ በየዓመቱም ተከፍቶ ይታያል። ሥራውን መግዛት የቅጂ መብቱን አያስተላልፍም። በፖስተር ላይ ለማተም የሠዓሊው ፈቃድ ለብቻው በጽሑፍ ይያዛል።

ሥራዎቹ ግድግዳ ላይ የሚደረደሩት በምን ሥርዓት ነው?

ለረጅም ጊዜ በዘመን ቅደም ተከተልና በጥበብ እንቅስቃሴ ነበር፦ ከሴዛን ወደ ኩቢዝም (ነገሮችን በጂኦሜትሪ ቅርጾች ከፋፍሎ የሚያሳይ ስልት)፣ ከኩቢዝም ወደ ረቂቅ ሥዕል። ቴት ሞደርን በግንቦት 2000 በቀድሞ የኃይል ማመንጫ ሕንፃ ሲከፈት ይህን ትቶ በርዕሰ ጉዳይ ደረደረ፤ የሞኔ የውሃ አበቦች ከሪቻርድ ሎንግ ሥራ ጋር በአንድ ክፍል ተገናኙ። ሞማ በ2019 ሲታደስ ደግሞ ከ“የአቪኞ ወጣት ሴቶች” አጠገብ የአሜሪካዊቷን ፌዝ ሪንጎልድ የ1967 ሥዕል ሰቀለ። በሪንጎልድ ሥዕል ላይ ደም የለበሱ ነጮችና ጥቁሮች ይተራመሳሉ፤ ከጎኑ የፒካሶ ሴቶች በአፍሪካ ጭንብል መሳይ ፊት ይመለከቱናል። የሁለቱ ጉርብትና ከረጅም ማብራሪያ ይልቅ ብዙ ይናገራል፤ ጥሩ አሰቃቀል ማለት ይህ ነው።

በእኛ ግምት የርዕሰ ጉዳይ አደራደር የሚሳካው ሥራዎቹ በእውነት የሚነጋገሩ ከሆነ ብቻ ነው። “አካል”፣ “ተፈጥሮ”፣ “ትዝታ” የሚል ሰፊ ርዕስ ሰቅሎ ያለውን ሁሉ ከሥሩ መደርደር ተመልካቹን ያደናግራል፤ ያን ጊዜ የዘመን ቅደም ተከተል ይመረጣል።

ወደ ሚስማሩ ስንመጣ፣ የሥዕሉ መካከል ከወለሉ 150 ሴንቲሜትር ገደማ ላይ ይውላል። ስሌቱ፦ ለ150 የሥዕሉን ቁመት ግማሽ ደምሩበት፣ ከዚያ ሽቦው ተወጥሮ ከፍሬሙ ጫፍ እስከሚደርስበት ያለውን ርቀት ቀንሱ። ቁመቱ 80፣ ሽቦው ከጫፉ 6 ዝቅ ካለ 150 + 40 − 6፣ ማለትም 184 ሴንቲሜትር ላይ ይመታል። ከአንድ ሽቦ ይልቅ በግራና በቀኝ ሁለት መያዣ ይሻላል፤ ሰው ባለፈ ቁጥር አይዘምምም።

ለምን አብዛኛው ስብስብ መጋዘን ውስጥ ይቀመጣል?

ቦታ ስለማይበቃ፣ ከዚያ በላይ ግን ብርሃን ስለሚጎዳ። በብርሃን የሚደርስ ጉዳት ይጠራቀማል እንጂ አይድንም። ለዘይት ቀለም 200 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ)፣ ለወረቀት፣ ለጨርቅ፣ ለውሃ ቀለምና ለፎቶግራፍ 50 ሉክስ ይፈቀዳል። በጣም ስሱ ለሆኑ ቀለሞች በዓመት ከ15,000 ሉክስ-ሰዓት እንዳይበልጥ ይመከራል። በ50 ሉክስ ሲሰላ 300 ሰዓት ይሆናል፤ በቀን 8 ሰዓት የሚከፈት ቤት ውስጥ 37 ቀን ብቻ። ከዚያ ሥራው ወርዶ ዓመቱን በጨለማ ያርፋል፣ ሌላ ይተካበታል።

በንጽጽር የቀትር ፀሐይ ከቤት ውጭ እስከ 100,000 ሉክስ ይደርሳል። እንዲህ ያለ ፀሐይ ለአንድ ሰዓት በቀጥታ ያረፈበት የውሃ ቀለም ሥዕል የስድስት ዓመት ድርሻውን ጨረሰ ማለት ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች አልትራቫዮሌት ጨረሩም ከቆላው ይበረታል። መስኮቱ ላይ የጨረር መከላከያ ፊልም መለጠፍና መጋረጃ ማድረግ ለማንኛውም ማሳያ የመጀመሪያው ወጪ መሆን አለበት፤ ከፍሬም በፊት።

ጎንደር ውስጥ ያለ ተቋም ከውጭ ሙዚየም ሥራ መዋስ ይችላል?

በመርህ ደረጃ ይችላል። ትልልቅ ስብስቦች ራሳቸው በውሰት ነው የሚኖሩት፤ የፒካሶ “ጌርኒካ” ከ1939 ጀምሮ በሞማ በአደራ ተቀምጦ፣ ሠዓሊው እንደጠየቀው በስፔን ዴሞክራሲያዊ ነፃነት ከተመለሰ በኋላ በ1981 ወደ ሀገሩ ተመልሷል። ጥያቄው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ይላካል። አበዳሪው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሕንፃው ዝርዝር መግለጫ ነው፦ የጣሪያው ሁኔታ፣ የእሳት መከላከያ፣ የሌሊት ጥበቃ፣ የበሩ ስፋት፣ የአንድ ዓመት የሙቀትና የእርጥበት መዝገብ። ብዙ ሙዚየሞች ሙቀቱ ከ16 እስከ 25 ዲግሪ፣ እርጥበቱ ከ40 እስከ 60 በመቶ እንዲሆንና በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 በመቶ በላይ እንዳይዋዥቅ ይጠይቃሉ።

የጎንደር ፈተና ሙቀቱ አይደለም፤ የክረምቱና የበጋው እርጥበት ልዩነት ነው። ነሐሴ ላይ ሸራ ይላላል፣ ብራና ይሸበሸባል፤ እርጥበቱ ከ65 በመቶ ካለፈና ከቆየ ሻጋታ ይነሳል። በበጋ ደግሞ ሳንቃ ላይ የተሣለ ሥዕል ይሰነጠቃል። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ የቀኑንና የሌሊቱን መዋዠቅ ስለሚያለዝብ አሮጌ ቤቶች ከቆርቆሮ አዳራሽ ይሻላሉ። ነገር ግን ቅርስ በሆነ ግድግዳ ላይ ሚስማር አይመታም። 122 በ244 ሴንቲሜትር የሆኑ የኮምፔንሳቶ ግድግዳዎችን በራሳቸው እግር አቁሞ፣ እግሩ ላይ ክብደት ጭኖ መስቀል ነው መፍትሔው።

ኢንሹራንሱ ሥራው ካለበት ግድግዳ ወርዶ ተመልሶ እስኪሰቀል ያለውን ጊዜ ሁሉ ይሸፍናል፤ በተለምዶ ወጪው የተዋሹ ነው። ሣጥኑ በብሎን ይዘጋል እንጂ በሚስማር አይመታም፤ የመዶሻው ንዝረት የላላ ቀለም ያረግፋል። ሲደርስ ለ24 ሰዓት ሳይከፈት በክፍሉ ይቆያል። ተከፍቶም ፊቱ፣ ጀርባውና ማዕዘኖቹ ፎቶ ተነሥተው ከመነሻው ሪፖርት ጋር ይነጻጸራሉ፤ ጭረት ካለ ሁለቱም ወገን በዚያው ሰዓት ይፈርማሉ። በተደጋጋሚ የሚታየው ጉዳት ባለ ፊኛ ፕላስቲክ ቀለሙን በቀጥታ ከመንካቱ የሚመጣ ነው፤ ክብ ክብ ምልክት ትቶ ያልፋል። በመካከል አሲድ የሌለው ወረቀት ይግባ፣ ፊኛው ወደ ውጭ ይዙር።

በዚህ ሁሉ ማለፍ ለጊዜው ካልተቻለ ከቪዲዮና ከፎቶግራፍ ይጀመር። ብዙ ሠዓሊዎች ፋይል ልከው እዚሁ እንዲታተም፣ ዐውደ ርእዩ ሲያልቅም ኅትመቱ ተቀዶ ማስረጃው እንዲላክላቸው ይስማማሉ። ሣጥን የለም፣ ኢንሹራንሱም ቀላል ነው፤ ጉምሩክም አይመላለሱበትም።

ሙዚየም ከስብስቡ ሊሸጥ ይችላል?

በመመሪያው የተፈቀደ ከሆነና ቦርዱ ከወሰነ ይችላል። የዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት ሥነ ምግባር ግን ገንዘቡ ለስብስቡ ጥቅም ብቻ እንዲውል ያዛል፤ ለደመወዝና ለኪራይ አይሆንም።

ሠዓሊ ነኝ። ሥራዬ እንዲህ ያለ ስብስብ ውስጥ እንዲገባ ምን ላድርግ?

ለሙዚየም ሥዕል በፖስታ አይላክም፤ ሳይጠየቅ የመጣ ሥራ ብዙውን ጊዜ ሳይታይ ይመለሳል። ኩሬተሮች የሚያዩት በዐውደ ርእይ፣ በቢየናሌ (በየሁለት ዓመቱ የሚካሄድ ትልቅ ዐውደ ርእይ) እና በስቱዲዮ ጉብኝት ነው። አዲስ አበባ የተወለደችው ሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱ በሞማ ስብስብ ውስጥ አለች፤ መንገዱ ግን ለሁሉም በአሜሪካ አያልፍም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ቅርብ ነው፤ የውጭ ኩሬተሮችም ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ ከሚረግጧቸው ቦታዎች አንዱ ነው።

እስከዚያው በእጅዎ ያለውን ያዘጋጁ። እያንዳንዱ ሥራ በቀን ብርሃን ጥላ ውስጥ፣ ያለ ብልጭታ፣ ፊቱም ጀርባውም ፎቶ ይነሣ። ርዕስ፣ ዓመት፣ የተጠቀሙበት ቀለምና የተሣለበት ነገር፣ ቁመት ከዚያ ስፋት በሴንቲሜትር ይጻፍ። የቀለሙ የፋብሪካ ስም ይመዝገብ፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚጠግነው ሰው ይፈልገዋል። የሸጡለትን ሰው ስም፣ ቀኑንና የደረሰኝ ቅጂውን ያስቀምጡ። ሥራው ከሀገር ሲወጣ ቅርስ አለመሆኑን የሚያረጋግጥ ፈቃድ ከቅርስ ባለሥልጣን ይወሰዳል፤ ገዥው ቱሪስት ቢሆንም ወረቀቱ ከሥዕሉ ጋር ይሂድ፣ አንድ ቅጂም እርስዎ ዘንድ ይቅር። ሁለት የአንድ ዘመን ሠዓሊዎች እኩል ችሎታ ኖሯቸው የአንዱ ሥራ ሲገዛ የሌላው የሚቀረው ብዙ ጊዜ በዚህ ወረቀት ምክንያት ነው።